በትንሽ ገንዘብ ፖከር መቼ ማጥቃት፣ መቼ ኮል ብሎ መቀጠል? ዝርዝር መመሪያ

ፖከር የጀመረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር "አግሬሲቭ ሁን" የሚል ነው። እሺ ይልና ባገኘው ፖት (መሀል በተጠራቀመው ገንዘብ) ሁሉ ላይ ቺፕስ ይወረውራል፣ ትንሽ ገንዘብ የሚጫወትበት ጠረጴዛ ላይ ደሞ ሰው ካርታውን መጣል ስለማይወድ ኮል እያደረጉ (የተወራረደውን ያህል እየከፈሉ) ይጨርሱታል፣ ከዛ "ይሄ ነገር እዚህ አይሰራም" ብሎ ወደ ቼክ ቼክ፣ ኮል ኮል ይመለሳል፣ በዛም ቀስ እያለ ያልቅበታል። እኔ የምለው ይሄ ነው፦ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ትርፍ የሚያመጣው ማጥቃት ነው፣ ግን የምታጠቃው ጥሩ እጅ ይዘህ እንዲከፍሉህ ነው፣ የማይፎልድን (ካርታውን የማይጥልን) ሰው ለማስፎለድ አይደለም። ከዚህ በታች ያለው ነገር ሁሉ ከዚህ ሀሳብ ነው የሚመነጨው።

የማወራው ስለ ኖ ሊሚት ቴክሳስ ሆልደም ካሽ ጌም ነው። ቶርናመንት ላይ ብላይንዱ እየጨመረ ስለሚሄድ ብዙ ነገር ይለወጣል፣ እሱን እዚህ አላነሳም። መጠኑን ሁሉ በቢግ ብላይንድ (በየእጁ መጀመሪያ በግድ ከሚገቡት ሁለት ውርርዶች ትልቁ፣ ትንሹ ስሞል ብላይንድ ነው) ነው የማስቀምጠው፣ የምትጫወትበትን ገንዘብ አንተ አስገባበት። ኮል፣ ሬዝ (ውርርዱን ማሳደግ)፣ ፎልድ (ካርታ መጣል)፣ ቼክ (ሳይወራረዱ ማለፍ)፣ ፍሎፕ (መሀል የሚገለጡት የመጀመሪያ 3 ካርታዎች)፣ ተርን (4ኛው)፣ ሪቨር (5ኛውና የመጨረሻው) የሚሉትን ይዘን ነው የምንጀምረው።

ደረጃ 1፦ ማጥቃት ለምን እንደሚያተርፍ መጀመሪያ ይግባህ

ኮል ስታደርግ የምታሸንፍበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፣ መጨረሻ ላይ ካርታ ሲገለጥ ያንተ መብለጥ አለበት። ስትወራረድ ወይ ሬዝ ስታደርግ ግን ሁለት መንገድ አለህ፣ ወይ ሌላው ይፎልድና ፖቱን እዛው ትወስዳለህ፣ ወይ ኮል ያደርግና አንተ በተሻለ እጅ ትልቅ ፖት ትሰበስባለህ። በዛ ላይ ዋጋውን የምትወስነው አንተ ነህ፣ ፓሲቭ ተጫዋች (ቼክና ኮል ብቻ የሚያበዛ) ግን ሁሌም ሌላ ሰው የቆረጠለትን ዋጋ ነው የሚከፍለው። በ2015 የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሁለት ሰው ሊሚት ሆልደምን (የውርርዱ መጠን የተወሰነበትን) በኮምፒውተር ከሞላ ጎደል ፈትተውት ነበር፣ እዛ ላይ ከወጡት ነገሮች አንዱ የመጀመሪያው ተጫዋች ዝም ብሎ ኮል አድርጎ መግባት ከሞላ ጎደል መቼም እንደማያዋጣው ነው። ያ ሌላ ዓይነት ጨዋታ ነው፣ ቀጥታ ወደ 9 ሰው ጠረጴዛ አይተረጎምም፣ ግን አቅጣጫውን ያሳያል።

አሁን ሂሳቡ። ይሄን በቃልህ ያዘው፣ ሌላው ሁሉ በዚህ ላይ ነው የሚቆመው። ብላፍ ስታደርግ (ደካማ እጅ ይዘህ ለማስፎለድ ስትወራረድ) የፖቱን 1/3 ብትወራረድ ቢያንስ ከ100 ጊዜ 25 ጊዜ መፎለድ አለባቸው ገንዘብህ እንዲመለስ፣ ግማሽ ፖት ከሆነ 33 ጊዜ፣ 2/3 ከሆነ 40 ጊዜ፣ ሙሉ ፖት ከሆነ 50 ጊዜ። በተቃራኒው ደሞ አንተ ኮል የምታደርግ ከሆነ፣ የግማሽ ፖት ውርርድ ላይ ቢያንስ 25 በመቶ የማሸነፍ እድል ያስፈልግሃል፣ 2/3 ላይ 29 አካባቢ፣ ሙሉ ፖት ላይ 33። በቃ ይሄው ነው።

አሁን ይሄን ትንሽ ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ አምጥተህ እየው። ፖቱ 60 ነው እንበል፣ 40 ብላፍ አደረግክ፣ ከፊትህ 1 ሰው ነው ያለው፣ እሱም ከ100 ጊዜ 60 ጊዜ ይፎልዳል፣ አተረፍክ። ያው ሰው ዓይነት 2 ቢሆኑ ግን ሁለቱም አብረው የሚፎልዱት 36 ጊዜ ብቻ ነው፣ ከሚያስፈልግህ 40 አነሰ። 3 ከሆኑ 22 ጊዜ አካባቢ ብቻ። ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ደሞ ፍሎፕ የሚያየው ሰው ብዙ ጊዜ 3 እና 4 ነው፣ 60 በመቶ የሚፎልድም ብዙ አታገኝም። ብላፍ እዚህ የማይሰራው ለዛ ነው፣ ሰዎቹ ጎበዝ ስለሆኑ አይደለም፣ እንደውም ጎበዝ ስላልሆኑ ነው።

ደረጃ 2፦ ለማጥቃት የሚሆን ካርታ ብቻ ይዘህ ግባ

169 ዓይነት የመነሻ እጅ አለ፣ አብዛኛው ቆሻሻ ነው። ሁለቱ ካርታዎችህ ጥንድ ካልሆኑ ፍሎፕ ላይ ጥንድ ወይ ከዛ በላይ የምታገኘው ከ3 ጊዜ 1 ጊዜ አካባቢ ነው፣ ስለዚ ደካማ ካርታ ይዞ የገባ ሰው ማጥቃት ቢፈልግ እንኳን የሚያጠቃበት ነገር የለውም፣ ወይ ባዶ ብላፍ ያደርጋል ወይ ወደ ፓሲቭነት ይገባል። ፓሲቭነት ብዙ ጊዜ የጸባይ ችግር ይመስለናል፣ የካርታ ምርጫ ችግር ነው።

9 ሰው ባለበት ጠረጴዛ መጀመሪያ የምትናገር ከሆነ ጥንዶች፣ ኤስ-ኪንግ፣ ኤስ-ኩዊን፣ ሱትድ (ሁለቱም አንድ ዓይነት ምልክት የሆኑ) ኤስ-ጃክ እና ሱትድ ኪንግ-ኩዊን ይበቁሃል። ይሄ ከ100 እጅ 9 አካባቢ ይሆናል። አዎ ያንሳል፣ ይሰለቻል፣ ልመደው። ወደ በተን እየተጠጋህ ስትሄድ ታሰፋለህ፣ በተን ላይ ሆነህ ሁሉም ፎልድ አድርገው ከደረሱህ ከ10 እጅ 4 እንኳን ብትከፍት ችግር የለውም፣ ምክንያቱም ከዛ በኋላ እስከ መጨረሻው የምትናገረው ከሁሉም በኋላ ነው። ፖዚሽን የሚባለው ነገር አግሬሲቭ ለሆነ ሰው ትልቁ መሳሪያ ነው፣ ሌላው ምን እንዳደረገ አይተህ ነው የምትወስነው።

ደረጃ 3፦ ፍሎፕ ሳይወጣ ሬዝ ወይ ፎልድ

ማንም ሳይገባ ቀድመህ የምትገባ ከሆነ ሬዝ አድርግ፣ ሊምፕ (ቢግ ብላይንዱን ብቻ ከፍሎ መግባት) አታድርግ። ልኩ 3 ቢግ ብላይንድ፣ ከፊትህ ሊምፕ ያደረገ ሰው ካለ ለእያንዳንዱ 1 ትጨምራለህ፣ 2 ሊምፐር ካለ 5 ማለት ነው። ፊት ለፊት ቁጭ ተብሎ በሚጫወትበት ጠረጴዛ ላይ ሰው 3 ቢግ ብላይንድን ከቁም ነገር ስለማይቆጥረው 5 እና 6 አድርገህ ብትጀምርም ያስኬዳል፣ ዋናው ነገር 1 ወይ 2 ሰው ብቻ የሚከተልህን መጠን ማግኘት ነው።

ለምን መሰለህ፣ 2 ኤስ ይዘህ ያገኘውን ካርታ ከያዘ 1 ሰው ጋር ብትገጥም 85 በመቶ ታሸንፋለህ፣ ከ4 ሰው ጋር ግን 56 አካባቢ ትወርዳለህ። ይሄ ማለት ሁሉም ይፎልድ ማለት አይደለም፣ የሚከፍልህ ሰው ትፈልጋለህ፣ ግን የሚገባው ሰው ከፍሎ ይግባ። "2 ኤስ ይዤ ሰው እንዳይሸሽ ሊምፕ አደረኩ" የሚል ሰው 5 ሰው በርካሽ አስገብቶ ማን ምን እንደያዘ ሳያውቅ ፍሎፕ ያያል፣ ከዛ በ2 ጥንድ ሲሸነፍ እድሉን ይረግማል።

ሌላ ሰው ቀድሞህ ሬዝ ካደረገስ? ጥንድ ኩዊን፣ ጥንድ ኪንግ፣ ጥንድ ኤስ፣ ኤስ-ኪንግ ከያዝክ እንደገና ሬዝ አድርግ፣ ከሱ በኋላ የምትናገር ከሆነ የሱን 3 እጥፍ፣ ቀድመህ የምትናገር ከሆነ 4 እጥፍ። ሬዝ ያደረገው ሰው ባገኘው ካርታ ሬዝ የሚያደርግ ከሆነ ጥንድ ጃክና ኤስ-ኩዊንንም ጨምርበት። በብላፍ ሪ-ሬዝ ማድረግን ለጊዜው ተወው።

ኮል ማድረግ የሚያዋጣበት ቦታ እዚህ ላይ አለ፣ ትንንሽ ጥንዶች። 5-5 ይዘህ ሰው ሬዝ ቢያደርግ ሶስተኛዋን 5 ፍሎፕ ላይ የምታገኛት ከ8 ወይ 9 ጊዜ 1 ጊዜ ነው፣ ስለዚ አንተም ተቃራኒህም ከኋላ ቢያንስ የሬዙን 15 እጥፍ ቺፕስ ካላችሁ ኮል በል፣ ከሌለ ፎልድ። ካልመጣችልህ ደሞ ትተህ ውጣ፣ "ምናልባት 5-5 ይበልጠው ይሆናል" እያልክ እስከ ሪቨር አትከተል።

ስሞል ብላይንድ ላይ ሆነህ ግን ኮል የማድረግ ልማድ ካለህ ቁረጠው። ከሁሉም ቀድመህ የምትናገርበት ቦታ ነው፣ በዛ ላይ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ አጫዋቹ ከፖቱ የሚወስደው ሬክ ከፖቱ አንጻር ከባድ ነው፣ ብዙ ቦታ ደሞ ፍሎፕ ካልታየ ሬክ አይቆረጥም፣ ስለዚ ሬዝ አድርጎ እዛው መጨረስ ወይ መፎለድ ሬኩንም ያድንልሃል።

ደረጃ 4፦ ፍሎፕ ሲወጣ መጀመሪያ ሰው ቁጠር

አንተ ሬዝ አድርገህ ፍሎፕ ሲወጣ ካርታህን ከማየትህ በፊት ስንት ሰው እንደቀረ እይ። 1 ሰው ከቀረ እና ፍሎፑ ደረቅ ከሆነ፣ ኪንግ-7-2 ሶስቱም የተለያየ ሱት እንበል፣ ምንም ባታገኝም የፖቱን 1/3 ተወራረድ፣ ያ ሰው ከ4 ጊዜ 1 ጊዜ ብቻ ቢፎልድልህ ገንዘብህ ይመለሳል፣ እሱም ብዙውን ጊዜ ምንም አላገኘም። ይሄ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ከሚሰሩ ጥቂት ብላፎች አንዱ ነው። ኮል ካደረገህ ግን ተርን ላይ አቁም። ኮል አድርጎ የቀጠለ ፓሲቭ ሰው የሆነ ነገር ይዟል፣ ያችን የሆነች ነገር ደሞ አይጥላትም።

2 እና ከዛ በላይ ሰው ከቀረ፣ ወይ ፍሎፑ እንደ 9-8-7 እርስ በርስ የተያያዘ ከሆነና አንተ ኤስ-ኪንግ ብቻ ይዘህ ከሆነ ቼክ በል። ሬዝ አድርጌ ገብቻለሁና መቀጠል አለብኝ የሚል ህግ የለም።

ጥሩ እጅ ካገኘህ ግን ስንትም ሰው ይቅር ተወራረድ። ቶፕ ፔር (መሀል ካለው ትልቁ ካርታ ጋር የተሰራ ጥንድ) ከጥሩ ኪከር (ከጥንዱ ጎን ካለው ካርታ) ጋር፣ 2 ጥንድ፣ ሶስት አንድ ዓይነት፣ እነዚህን ይዞ ቼክ ብሎ ማድፈጥ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ከሚሰሩት ስህተቶች ሁሉ ውዱ ነው። ተንኮል የሚያስፈልገው ጥርጣሬ ያለው ተጫዋች ላይ ነው፣ እዚህ ያለው ሰው ኮል ማድረግ ይፈልጋል፣ አንተ ደሞ ቼክ እያልክ ከልክለኸው ነው የምትውለው።

ደረጃ 5፦ የውርርዱ መጠን፣ ትርፉ ያለው እዚህ ነው

ይሄኛው ላይ ቆም ብለህ አስብበት። ፍሎፕ ላይ ፖቱ 20 ነው እንበል፣ ጥሩ እጅ ይዘሃል፣ 1 ሰው እስከ መጨረሻው ኮል ሊያደርግህ ዝግጁ ነው። ሶስቱም ጊዜ ግማሽ ፖት ብትወራረድ 10፣ 20፣ 40 ይከፍልሃል፣ ድምሩ 70። ሶስቱንም ጊዜ የፖቱን 3/4 ብትወራረድ 15፣ 37፣ 94 አካባቢ፣ ድምሩ 146። ሙሉ ፖት ብትወራረድ 20፣ 60፣ 180፣ ድምሩ 260። ፍሎፕ ላይ ልዩነቱ 5 እና 10 ቺፕስ ነው የሚመስለው፣ ሪቨር ላይ ሲደርስ እጥፍና ከዛ በላይ ሆኖ ይመጣል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ውርርድ የሚቀጥለውን ፖት ያሳድገዋል።

ትንሽ ገንዘብ ላይ የሚጫወት ሰው ደሞ አንድ ጸባይ አለው፣ የሚያየው የራሱን ካርታ ነው፣ የውርርዱን መጠን አይደለም። ጥንድ ካለው ግማሽ ፖትም ላይ ኮል ያደርጋል 3/4ም ላይ ኮል ያደርጋል፣ ከሌለው ሁለቱም ላይ ይፎልዳል። ስለዚ ጥሩ እጅ ሲኖርህ ከ2/3 አትውረድ። ጎበዝ ተጫዋቾች ባሉበት ጠረጴዛ እንዲህ መጠንህን በእጅህ ልክ መቀያየር ያጋልጥሃል፣ እዚህ ግን አስተውሎ የሚቀጣህ ሰው ብዙም የለም።

አንድ እጅ ከነሂሳቡ እንየው። ብላይንዱ 1 እና 2 ነው፣ ሁላችሁም 200 አላችሁ። በተን ላይ ነህ፣ ኤስ-ኩዊን መጣልህ፣ ከፊትህ 2 ሰው ሊምፕ አድርገዋል። 10 ሬዝ ታደርጋለህ፣ ብላይንዶቹ ይፎልዳሉ፣ ሁለቱ ሊምፐሮች ኮል ያደርጋሉ። ፖቱ 33። ፍሎፕ ኩዊን-7-2፣ ሁለቱ ስፔድ። ሁለቱም ቼክ። አንተ 22፣ አንዱ ፎልድ፣ አንዱ ኮል። ፖቱ 77። ተርን 5 መጣ፣ ስፔድ አይደለም፣ ቼክ አለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይፈራል፣ "ምን ይዞ ነው ኮል ያደረገው?" ብሎ ቼክ ይላል። ምን ሊይዝ ይችላል? ኩዊን-ጃክ፣ ኩዊን-9፣ 8-8፣ ኤስ-7፣ ሁለት ስፔድ። ሁሉንም ትበልጣለህ፣ ሁሉም ደሞ አንዴ ተጨማሪ ኮል ያደርጋሉ። 50 ተወራረድ። ኮል አደረገ፣ ፖቱ 177፣ እያንዳንዳችሁ 118 ቀራችሁ። ሪቨር 10፣ ስፔድ አይደለም፣ ቼክ አለ። 118 የፖቱ 2/3 ነው፣ ኦል ኢን ግባ (የቀረህን ሁሉ አስገባ)። አልፎ አልፎ ኩዊን-10 ያሳይሃል፣ ይሁን። እዚህ ላይ መጠየቅ ያለብህ "ልሸነፍ እችላለሁ ወይ?" አይደለም፣ "ኮል ከሚያደርጉኝ እጆች ውስጥ ከግማሽ በላዩን እበልጣለሁ ወይ?" ነው። መልሱ አዎ ከሆነ ተወራረድ።

ያንኑ እጅ ፓሲቭ ሰው ቢጫወተው? ሊምፕ ያደርጋል፣ 5 ሰው ይገባል፣ ፖቱ 10። ፍሎፕ ላይ 6 ይወራረዳል፣ 1 ሰው ኮል፣ ፖቱ 22። ተርን ላይ ፈርቶ ቼክ፣ ሪቨር ላይ 10 ይወራረዳል፣ ኮል። ከዛ ሰው ያገኘው በሙሉ 18 ነው፣ ያኛው 200 ወስዷል። ካርታው ያው፣ ሰውዬውም ያው ነው።

አሁን ያንን እጅ ትንሽ እናጣመው። ተርን ላይ 50 ስትወራረድ ያ ዝምተኛ ሰውዬ ድንገት 168 ኦል ኢን ገባ እንበል። ፖቱ 295 ሆነ፣ ኮል ለማድረግ 118 ይጠይቅሃል፣ ቢያንስ 29 በመቶ ማሸነፍ አለብህ። ሌሊቱን ሙሉ ኮል ብቻ ሲያደርግ የነበረ ሰው አሁን ሬዝ ሲያደርግ 7-7 ነው፣ 2-2 ነው፣ ኩዊን-7 ነው። 29 በመቶ የለህም። ፎልድ። ለመጣል ከባድ ነው አውቃለሁ፣ ቶፕ ፔር በቶፕ ኪከር ነው፣ ግን ፓሲቭ ሰው ተርን ወይ ሪቨር ላይ ሬዝ ካደረገ እመነው።

ደረጃ 6፦ ድሮው ሲኖርህ ማጥቃት ሁሌ አያዋጣም

ድሮው ማለት ለመሙላት አንድ ካርታ የጎደለው እጅ ነው። ፍላሽ (5 አንድ ዓይነት ምልክት) ድሮው ላይ የሚሞላልህ 9 ካርታ ይቀርሃል፣ በሚቀጥለው ካርታ የመምጣት እድሉ 19 በመቶ፣ ሁለቱንም ካርታ ካየህ 35። ሁለቱም ጫፍ ክፍት የሆነ ስትሬት (5 ተከታታይ ካርታ) ድሮው 8 ካርታ፣ 17 እና 31። መሀሉ ብቻ የጎደለ ስትሬት 4 ካርታ፣ 8 ተኩል እና 16 ተኩል አካባቢ። "ድሮው ካለህ ሰሚ ብላፍ አድርግ" (ገና ሳይሞላልህ ተወራረድ) የሚለው ምክር ሰው የሚፎልድበት ጠረጴዛ ላይ ትክክል ነው፣ እዚህ ግን አስልተህ ነው።

ተርን ላይ ነህ፣ ፖቱ 60፣ ፍላሽ ድሮው አለህ፣ 1 ሰው ቼክ ብሎልሃል፣ አንተ የመጨረሻው ተናጋሪ ነህ። ቼክ ብትል ሪቨርን በነጻ ታያለህ፣ ከፖቱ ውስጥ ያንተ ድርሻ በአማካይ 12 አካባቢ ነው። 40 ብትወራረድስ? ከ100 ጊዜ 10 ጊዜ ብቻ የሚፎልድ ሰው ከሆነ በአማካይ 5 ታጣለህ፣ 30 ጊዜ የሚፎልድ ከሆነ 9 ታተርፋለህ፣ እሱም ከነጻው 12 ያንሳል። ውርርዱ ከቼክ የሚሻለው ሰውዬው ከ3 ጊዜ 1 ጊዜ በላይ ሲፎልድ ብቻ ነው። ፍላሹ ሲመጣልህ ሪቨር ላይ የምትሰበስበውን ሳልጨምር ነው ይሄ፣ እሱ ሁለቱም ላይ ስላለ ድምዳሜውን ብዙ አይቀይረውም። ባጭሩ ኮል ማድረግ የሚወድ ሰው ፊት ቼክ በልና ነጻ ካርታህን ውሰድ፣ ሲመጣልህ ደሞ ትልቅ ተወራረድ፣ ምክንያቱም ያ ሰው ያኔም ኮል ያደርጋል።

እሱ ቀድሞ ከተወራረደስ? ፖቱ 60 ሆኖ 40 ቢወራረድ ለኮል 29 በመቶ ያስፈልግሃል፣ ያለህ 19 ነው። የሚያዋጣው ፍላሹ ሲመጣ ቢያንስ 65 አካባቢ ተጨማሪ እንደሚከፍልህ ካመንክ ብቻ ነው፣ ስለዚ ከኋላው ስንት ቺፕስ እንደቀረው ሳታይ ኮል አትበል። የምትሰራው ፍላሽ ትልቁ መሆኑንም አረጋግጥ፣ በ6-4 ሱትድ የተሰራ ፍላሽ ብዙ ገንዘብ ይበላል።

ደረጃ 7፦ ኮል ማድረግ ትክክል የሚሆንበት ቦታ

እስካሁን ፓሲቭነትን እየነቀፍኩ መጣሁ፣ ግን ኮል መሳሪያ ነው፣ ቦታ አለው። ትልቁ ቦታ ማኒያክ ሲያጋጥምህ ነው፣ ያው ሁሉንም እጅ ሬዝ የሚያደርግ፣ ሶስቱንም ጊዜ የሚወራረድ ሰው ማለት ነው። ከሱ ጋር ቶፕ ፔር ይዘህ ሬዝ ብታደርግ ብላፎቹን ሁሉ ይጥልና የሚበልጥህን ብቻ ይዞ ይቀጥላል፣ ገንዘብ ከሚሰጥህ መንገድ ራስህ አስወጣኸው ማለት ነው። ዝም ብለህ ኮል፣ ኮል፣ ኮል፣ ውርርዱን እሱ ይስራልህ። ቁጭ የምትልበትን ወንበር መምረጥ ከቻልክ ከማኒያኩ በስተግራ ተቀመጥ፣ ሁሌ ከሱ በኋላ ትናገራለህ።

ሌላው ቦታ መካከለኛ እጅ ሲኖርህ ነው። ኩዊን-9-4 ፍሎፕ ላይ ኤስ-9 ይዘህ ከሆነ ለሶስት ዙር ውርርድ አይበቃም፣ ለመጣልም ያሳዝናል። አንድ ጊዜ ተወራረድ ወይ አንድ ጊዜ ኮል አድርግ፣ ፖቱን ትንሽ አድርገህ ወደ መጨረሻው ውሰደው። ትልቅ ፖት ለትልቅ እጅ፣ ትንሽ ፖት ለትንሽ እጅ።

ደረጃ 8፦ ማን ላይ ምን እንደምታደርግ

ከመጀመሪያዎቹ 20 እና 30 እጆች ውስጥ ሁለት ነገር ተመልከት፣ ስንት ጊዜ ገንዘብ አስገብቶ ይገባል፣ ሲገባ ደሞ በሬዝ ነው በኮል። ኦንላይን ፕሮግራም ካለህ ቪፒአይፒ እና ፒኤፍአር የሚሉት ቁጥሮች ይሄኑ ነው የሚነግሩህ፣ የመጀመሪያው ከ100 ስንት እጅ እንደሚጫወት፣ ሁለተኛው ስንቱን በሬዝ እንደሚገባ። 6 ሰው ባለበት ጠረጴዛ 22 እና 18 ያለው ሰው ደህና ተጫዋች ነው፣ ሳያስፈልግ አትጋጨው። 45 እና 5 ያለው ኮሊንግ ስቴሽን ነው፣ ገንዘብህ የሚመጣው ከሱ ነው፣ ብላፍ ዜሮ፣ ቫልዩ (በተሻለ እጅ እንዲከፍልህ መወራረድ) ግን እስከ ሁለተኛ ጥንድ ድረስ ቀጠን አድርገህ ተወራረድበት። 9 እና 7 ያለው ኒት ነው፣ ብላይንዱን ሁሌ ስረቀው፣ ሲነሳብህ ሽሽ። 60 እና 45 ያለው ማኒያክ ነው፣ ደረጃ 7። በጥቂት እጅ የታየ ቁጥር ግን ያሳስታል፣ ጥሩ ካርታ ተከታትሎ የመጣለት ኒት ማኒያክ ሊመስልህ ይችላል፣ ስለዚ ያሳየውን ካርታ ከቁጥሩ በላይ እመን።

ደረጃ 9፦ ማጥቃት የሚችል ሰው መሸነፍ የሚችል ሰው ነው

አግሬሲቭ አጨዋወት ገንዘቡን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፣ በትክክል ተጫውተህም ተከታታይ ቀን ልትከስር ትችላለህ። ለዛ ለምትጫወትበት ደረጃ ቢያንስ 20 ወይ 30 ባይ ኢን ለብቻው የተቀመጠ ገንዘብ ይኑርህ፣ አንድ ባይ ኢን 100 ቢግ ብላይንድ ነው። ከኪራይ፣ ከቤት ወጪ፣ ከብድር የመጣ ገንዘብ ይዞ የተቀመጠ ሰው ሪቨር ላይ 118 ማስገባት አይችልም፣ ይፈራል፣ ፍርሃቱ ደሞ ራሱ ወደ ፓሲቭነት ይጎትተዋል። የምትኖርበት ቦታ ህግ የማይፈቅድ ከሆነ በገንዘብ አትጫወት። 2 ባይ ኢን ከጠፋብህ የዛን ቀን ተነስ፣ ጠረጴዛው ነገም አለ፣ ለመመለስ ተብሎ የሚደረግ ሬዝ እስካሁን ካወራነው ማጥቃት ጋር ምንም አያገናኘውም። መነሳት እያቃተህ ከመጣ ደሞ ከነጭራሹ አቁምና ለምትቀርበው ሰው ንገር፣ ይሄን በጣም ከልቤ ነው የምለው።

ደረጃ 10፦ ሁሉንም በአንዴ አትሞክር

መጀመሪያ አንድ ነገር ብቻ ይዘህ ተጫወት፣ ሊምፕ አለማድረግ። እሱ ሲለምድህ ወደ ውርርድ መጠን ሂድ፣ ጥሩ እጅ ሲኖርህ ከ2/3 በታች አለመወራረድ። ሶስተኛው ፓሲቭ ሰው ሬዝ ሲያደርግ መፎለድ ነው፣ ይሄ ጊዜ ይወስዳል፣ ምክንያቱም አንዳንዴ ብላፍ ሆኖ ታየዋለህና ያበሳጭሃል።

ጨዋታው ሲያልቅ ከ30 ቢግ ብላይንድ በላይ የሆኑትን ፖቶች ብቻ አውጥተህ ጻፍ፣ ያሸነፍካቸውንም ጨምር። እያንዳንዱ ላይ ሪቨርን እይ። ቼክ ብለህ ካሸነፍክ ሰውዬው ያሳየው ካርታ ውርርድ ቢመጣበት ኮል ያደርግ ነበር ወይ ብለህ ጠይቅ፣ ያደርግ ከነበረ የጠፋውን መጠን ከጎኑ በቁጥር ጻፈው። ኮል አድርገህ ከተሸነፍክ ደሞ የተወራረደው ሰው ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ ጻፍ። የመጀመሪያው ዝርዝር ቁጥር ከሁለተኛው ከበለጠ ወደ ደረጃ 5 ተመለስ፣ ሁለተኛው ከበለጠ ደሞ ያንን 168 ኦል ኢን የገባውን ዝምተኛ ሰውዬ እጅ እንደገና አስላው።